ግቡ ከኒውዮርክ፣ ሥራው ከጤና ኬላ

እ.ኤ.አ. በ1953 ከጣና ሐይቅ በስተሰሜን በተዘረጋው የደምቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ገባ። ወባ የምትበረታው ክረምቱ ወጥቶ እህሉ በሚደርስበት ወቅት ነው። ገበሬው አዝመራውን መሰብሰብ ሲገባው ቤቱ ተኝቶ ይንቀጠቀጣል። በዚያ ወረርሽኝ ወደ 7,000 የሚጠጋ ሰው አልቋል። አገሪቱ የራሷ የሕክምና ፋኩልቲ ገና አልነበራትም፤ ያሏት ሐኪሞች ጥቂት ነበሩ፣ የሚሠሩትም በከተማ ነበር። መድኃኒትና ምክር ይዞ በደምቢያ መንደሮች የሚዞር ሰው አልነበረም።

በዓመቱ ጎንደር ላይ የኅብረተሰብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የአሜሪካ መንግሥት ደገፉት። ኮሌጁ ጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ጤና ነርሶችንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን አንድ ላይ አሠልጥኖ በቡድን ወደየጤና ጣቢያው ይልክ ጀመር። ሐሳቡ ለዘመኑ ደፋር ነበር፦ የሐኪሙ ቁጥር እስኪበቃ ሕዝቡ መጠበቅ የለበትም፤ በአጭር ጊዜ የሠለጠነ ሰው የበሽታውን ብዙ እጅ ከምንጩ ሊከላከል ይችላል። ይህ ሐሳብ በቀጣዮቹ ሃምሳ ዓመታት ተረሳ፣ ተነሣ፣ ደግሞ ተረሳ። በመጨረሻ ግን ኢትዮጵያን ዓለም ካወጣቸው ትልልቅ ግቦች ወደ አንዱ ያደረሳት እሱው ነው። (በዚህ ጽሑፍ እ.ኤ.አ. ያልተባለው ዓመት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፤ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ እ.ኤ.አ. ከተባለ በኋላ የሚመጣው ዓመት ግን እንደዚያው እ.ኤ.አ. ነው።)

የዘመቻ ዘመን

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1955 ወባን ከምድረ ገጽ አጠፋለሁ ብሎ ተነሣ። መሣሪያው ዲዲቲ ነበር። ኢትዮጵያ ወደ ዘመቻው ለመግባት በቂ ምክንያት ነበራት፤ እ.ኤ.አ. በ1958 በደጋው ጫፍ ሳይቀር የተዛመተው ወረርሽኝ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው አሳምሞ ወደ 150,000 የሚገመት ሕዝብ ገድሏል። በማግስቱ ዓመት የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቋመ። ርጭት የሚረጩ፣ ቤት የሚቆጥሩ፣ ደም ወስደው የሚመረምሩ ሠራተኞች በየቆላው ተሠማሩ። ድርጅቱ የራሱ መኪና፣ የራሱ በጀት፣ የራሱ ሠራተኛ ነበረው። ያው ቤት ውስጥ ተቅማጥ የያዘው ሕፃን ወይም ምጥ የጠናባት እናት ብትኖር ግን የረጪው ጉዳይ አልነበረችም። ትንኟ ዲዲቲን እየለመደች፣ ገንዘቡም እየሳሳ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1969 የዓለም ጤና ድርጅት የማጥፋቱን ግብ ትቶ ወደ መቆጣጠር ተመለሰ።

ሌላኛው ዘመቻ ተሳካ። ፈንጣጣን የማጥፋቱ ሥራ በኢትዮጵያ የተጀመረው በጥር 1963 ነበር። መንገድ በሌለበት አገር ሕዝቡን ሁሉ መከተብ የማይታሰብ ስለነበር፣ ሌላ አገር ተሞክሮ የሠራ ስልት ተወሰደ፦ በሽተኛውን ፈልጎ ማግኘት፣ በዙሪያው ያሉትን መከተብ፣ ሰንሰለቱን መበጠስ። ክትባት ሰጪዎች በእግር፣ በበቅሎ፣ በኋላም በሄሊኮፕተር ተራራና በረሃውን አዳረሱት። በአገሪቱ የመጨረሻው በሽተኛ በነሐሴ 1968 ኦጋዴን ውስጥ ተገኘ። በዓለም የመጨረሻው የተፈጥሮ ፈንጣጣ ደግሞ በጥቅምት 1970 በሶማሊያዋ መርካ ከተማ ታየ።

ከሁለቱ ዘመቻዎች የተገኘው ትምህርት አንድ ነበር። ግቡ አንድ በሽታ ብቻ ሲሆን፣ ያ በሽታም ሰንሰለቱ ከተበጠሰ የማይመለስ ሲሆን ዘመቻ ይበቃል። እናትና ሕፃን ግን በየዓመቱ፣ በየቤቱ፣ በየወሩ የሚጠብቃቸው ሰው ይፈልጋሉ። የፈንጣጣ ዘማቾች ሥራቸውን ጨርሰው ሲሄዱ በየመንደሩ የቀረ ጤና ጣቢያም ሆነ ሠራተኛ አልነበረም።

ከአልማ አታ የመጣው ተስፋ

ከጳጉሜን 1 ቀን 1970 እስከ መስከረም 2 ቀን 1971 የ134 መንግሥታት ተወካዮች በሶቪየት ካዛኪስታን ዋና ከተማ በአልማ አታ ተሰበሰቡ። የዓለም ጤና ድርጅትን ይመሩ የነበሩት ዴንማርካዊው ሐኪም ሃፍዳን ማህለር ነበሩ። ጉባኤው «እ.ኤ.አ. እስከ 2000 ጤና ለሁሉም» የሚለውን ግብ አጸደቀ። መንገዱም መሠረታዊ የጤና አገልግሎት ነው አለ፤ ጤና ከሆስፒታል ሳይሆን ከመንደር ይጀምር፣ ውሃና ንጽሕና፣ ምግብና ክትባት፣ እናትና ሕፃን በአንድ ላይ ይያዙ፣ ሥራውንም ከኅብረተሰቡ የወጣ ሰው ይሥራው።

ቃሉ ሳይደርቅ ክርክር ተነሣ። ሁሉን በአንድ ጊዜ መሥራት ውድ ነው፣ ጥቂት ርካሽና ውጤታቸው የተረጋገጠ ሥራዎች ይመረጡ የሚሉ ባለሙያዎችና ለጋሾች አየሉ። ዩኒሴፍም በጄምስ ግራንት መሪነት በሕፃናት ዕድገት ክትትል፣ ለተቅማጥ በሚሰጥ የጨውና የስኳር ውህድ፣ በጡት ማጥባትና በክትባት ላይ አተኮረ። ይህ ምርጫ የብዙ ሚሊዮን ሕፃናትን ሕይወት አትርፏል። ሥራውን መንደር ላይ ሆኖ ዘወትር የሚሠራው ማን ነው፣ ደመወዙንስ ማን ይከፍላል የሚለው ጥያቄ ግን ተንጠልጥሎ ቀረ።

ደርግ የአልማ አታን መንገድ በራሱ መልክ ሞከረው። የገበሬ ማኅበራት ከመካከላቸው የጤና ወኪል ይመርጣሉ፤ ወኪሉ የጥቂት ወራት ሥልጠና ወስዶ ወደ መንደሩ ይመለሳል። የልምድ አዋላጆችም አጭር ሥልጠናና መሣሪያ የያዘች ቦርሳ ይሰጣቸው ነበር። በወረቀት ላይ ሸጋ ነበር። ደመወዝ ግን የለም፤ ወኪሉን የሚደጉመው ገበሬ ማኅበሩ ነው ተባለ፣ ገበሬው ደግሞ ራሱ በድርቅና በጦርነት ይማቅቅ ነበር። የመድኃኒት ሳጥኑ ሲያልቅ የሚሞላው የለም፤ ከጤና ጣቢያው መጥቶ የሚጠይቀው የለም። ወኪሉ ወደ እርሻው ተመለሰ። መንግሥቱ በ1983 ሲወድቅ ከእነዚያ ሺህዎች መካከል በሥራ ላይ የቀሩት ጥቂት ነበሩ።

ጳጉሜን 1992

በ1985 የወጣው የጤና ፖሊሲ መከላከልን አስቀደመ። በ1990 የተጀመረው የጤናው ዘርፍ ልማት ፕሮግራም ደግሞ ጤና ጣቢያ እየገነባ ቀጠለ። የመጀመሪያው ምዕራፍ ሲገመገም አንድ ጉድለት ጎልቶ ወጣ፦ ሕንፃው ተሠርቷል፣ ሰው ግን አይመጣም። በ1992 (እ.ኤ.አ. 2000) የተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ያሳየው ገጽታ ከባድ ነበር። በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስተኛ ዓመታቸውን ሳይደፍኑ ይሞቱ ነበር። በጤና ተቋም የሚወልዱት እናቶች ከመቶ አምስት ብቻ ነበሩ። ከሕዝቡ ከአምስት አራቱ መጸዳጃ ቤት አልነበረውም።

በዚያው ዓመት ጳጉሜን 3 ቀን በኒውዮርክ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት (ተመድ) 189 አባል አገሮች የምዕተ ዓመቱን መግለጫ አጸደቁ። ከመግለጫው ስምንት ግቦች የወጡት ግን በማግስቱ ዓመት፣ በጥቂት ባለሙያዎች ጠረጴዛ ላይ ነው። የድርጅቱን የልማት ፕሮግራም ይመሩ የነበሩት ማርክ ማሎክ ብራውን ከዓመታት በኋላ እንደተናገሩት፣ ዝርዝሩ ተጠናቆ ሊወጣ ሲል በኮሪደር ላይ የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራሙን ኃላፊ ባያገኙ ኖሮ ስለ አካባቢ የሚናገረው ግብ ተረስቶ ይቀር ነበር። አራተኛው ግብ እ.ኤ.አ. ከ1990 እስከ 2015 የሕፃናትን ሞት በሁለት ሦስተኛ መቀነስ፣ አምስተኛው የእናቶችን ሞት በሦስት አራተኛ መቀነስ ሆነ። ግቦቹ ቁጥርና ቀን ነበራቸው። ስልት አልነበራቸውም፤ ያ ለየአገሩ ተተወ።

ሁለት ሴቶች በየቀበሌው

የኢትዮጵያ መልስ በ1995 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ነው። ስሙም ሐሳቡም የተወሰደው ከግብርናው ነበር። ለገበሬው ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ያስለመደው የኤክስቴንሽን ሠራተኛ ከሆነ፣ ለቤተሰቡ መጸዳጃ ቤትና ክትባት የሚያስለምድ ሠራተኛ ለምን አይኖርም? ጥቂት ፈቃደኛ ቤተሰቦች አስቀድመው ይለውጡ፣ ጎረቤት አይቶ ይከተል።

ወደ 5,000 ሰው በሚኖርበት በእያንዳንዱ ቀበሌ አንድ ጤና ኬላ ይሠራል፤ በኬላውም ሁለት ሠራተኞች ይመደባሉ። ሠራተኞቹ ሴቶች እንዲሆኑ ተወሰነ፣ ወደ ጓዳ ዘልቃ ከእናት ጋር ስለ ወር አበባ፣ ስለ እርግዝናና ስለ ወሊድ መከላከያ የምታወራው ሴት ናትና። አሥረኛ ክፍል የጨረሱ፣ ከዚያው አካባቢ የተወለዱ፣ የሕዝቡን ቋንቋ የሚናገሩ ተመለመሉ፤ በቴክኒክና ሙያ ተቋማት አንድ ዓመት ሠለጠኑ። አሥረኛ ክፍል የጨረሰች ሴት በማትገኝባቸው የአርብቶ አደር አካባቢዎች መስፈርቱ ላላ፤ ወንዶችም ተቀጠሩ።

ከደርግ ዘመን ወኪል የሚለያቸው ትልቁ ነገር የደመወዝ መዝገቡ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የመንግሥት ሠራተኛ ናት፤ ደመወዟ ከወረዳው በጀት በየወሩ ይወጣል። ለጋሾች ለሥልጠና፣ ለክትባትና ለመድኃኒት ገንዘብ ሰጥተዋል፤ የልጅቷ እንጀራ ግን በማንም ፕሮጀክት መጀመርና ማብቃት ላይ አልተንጠለጠለም። በ1997 ወደ ሥራ የገቡት ከ2,700 ጥቂት ከፍ ይሉ ነበር። በ2001 ቁጥራቸው ከ30,000 አለፈ። በዚያን ጊዜ ጤና ጥበቃ ሚኒስትር የነበሩት ዶክተር ቴዎድሮስ አድኃኖም በኋላ የዓለም ጤና ድርጅትን ለመምራት ሲመረጡ ከዋና ማስረጃዎቻቸው አንዱ ይኸው ነበር።

ሥራው 16 «ፓኬጆች» ነበሩት፦ የበሽታ መከላከል፣ የቤተሰብ ጤና፣ የግልና የአካባቢ ንጽሕና፣ ሁሉንም የሚያስተሳስር የጤና ትምህርት። ከሥራ ጊዜዋ ሦስት አራተኛ ያህሉን ኬላው ውስጥ ሳይሆን ቤት ለቤት እንድታሳልፍ ታዘዘች። አንድ ቤት ስትገባ በመጀመሪያ የምታየው ግቢውን ነው። መጸዳጃ ጉድጓዱ ተቆፍሯል? ክዳን አለው? ከጎኑ የእጅ መታጠቢያ ተንጠልጥሏል? ብዙ ቤት መታጠቢያው አሮጌ ጀሪካን ነው፤ ከግርጌው ተበስቶ የእስክሪብቶ ቀፎ ተሰክቶበታል፣ ቀፎው ሲነቀል ውሃው በቀጭኑ ይወርዳል። ከዚያ ወደ ውስጥ፦ ከብቱ ከሰው ጋር ነው የሚያድረው? ምድጃው ጭስ ማውጫ አለው? ዕቃው ከመሬት ከፍ ብሎ ተደርድሯል? አጎበሩ ተሰቅሏል ወይስ እንደታሸገ ቁም ሳጥን ላይ ነው? የሕፃኑ የክትባት ካርድ የታለ? ቤተሰቡ በድምሩ 96 ሰዓት ተምሮ ከተማረው አብዛኛውን ሲተገብር «ሞዴል ቤተሰብ» ተብሎ ይመረቃል። ሰርተፍኬቱን ብዙዎች ግድግዳ ላይ ሰቀሉት።

የፕሮግራሙ የመጀመሪያ ትልቅ ፈተና የድሮዋ ጠላት ነበረች። በ1996 መጀመሪያ በብዙ ክልሎች ከባድ የወባ ወረርሽኝ ተነሣ። መንግሥት ለእያንዳንዱ የወባማ አካባቢ ቤተሰብ ሁለት አጎበር ለማድረስ አቀደ፣ ይኸውም 20 ሚሊዮን አጎበር ለ10 ሚሊዮን ቤት ማለት ነው። ገንዘቡ በአብዛኛው ከግሎባል ፈንድ መጣ፤ አጎበሩን እያከፋፈሉ እንዴት እንደሚሰቀል ያሳዩት የኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ ናቸው። ለወባ፣ ለኤች አይ ቪና ለቲቢ ብቻ ተብሎ የሚመጣውን ገንዘብ ሁሉንም የሚሠራውን መዋቅር ለመገንቢያ ማዋል የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ዋና ስልት ሆነ። «አንድ ዕቅድ፣ አንድ በጀት፣ አንድ ሪፖርት» እያለ ለጋሾችን ሞገተ። በ2000 ኢትዮጵያ በዓለም አቀፉ የጤና አጋርነት ሥር ከለጋሾች ጋር የጋራ ስምምነት በመፈረም የመጀመሪያዋ አገር ሆነች።

ትንፋሽ የምትቆጥረው ሠራተኛ

ሠራተኞቹ መጀመሪያ ላይ ከወባ መድኃኒትና ከጥቂት ነገር በቀር ሕክምና እንዲሰጡ አይፈቀድላቸውም ነበር። እናት የታመመ ልጇን ታቅፋ ስትመጣ መጸዳጃ ቤት ስለ መቆፈር የምታስተምር ሠራተኛ አመኔታ ታጣለች። ሕፃናትን በብዛት ከሚገድሉት አንዱ የሳንባ ምች ነው፣ መድኃኒቱ ደግሞ ርካሽ አንቲባዮቲክ ነው። አሥረኛ ክፍል የጨረሰች ልጅ አንቲባዮቲክ ትስጥ ወይስ አትስጥ በሚለው ላይ ባለሙያዎች ለዓመታት ተሟገቱ።

በ2002 ተፈቀደ። ሥልጠናው የሚያተኩረው አንድ ቀላል በሚመስል ክህሎት ላይ ነበር። የሕፃኑን ልብስ ገልጣ ደረቱን እያየች ለአንድ ሙሉ ደቂቃ ትንፋሹን ትቆጥራለች። ዕድሜው ከሁለት እስከ አሥራ አንድ ወር ከሆነ 50ና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ከሆነ 40ና ከዚያ በላይ ከቆጠረች የሳንባ ምች ብላ መድኃኒቱን ትጀምርለታለች። ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ ወይም ጡት መጥባት ካቃተው ሳትዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ትልከዋለች። ከዚህ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ፣ በክንድ ቆዳ ሥር ተቀብሮ ለሦስት ዓመት እርግዝና የሚከላከለውን ኢምፕላኖንን ማስገባት ተምረው ነበር። የወሊድ መከላከያ የሚጠቀሙ ባለትዳር ሴቶች ቁጥር እ.ኤ.አ. በ2000 ከመቶ ስምንት ነበር፤ በ2011 ወደ 29፣ በ2016 ወደ 36 ደረሰ።

ሁለት ሴቶች አንድ ሺህ ቤት ማዳረስ እንደማይችሉ ግልጽ ሲሆን በ2003 ገደማ «የሴቶች ልማት ሠራዊት» ተደራጀ። አንዷ ሞዴል ሴት አምስት ጎረቤቶቿን ትከታተላለች። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» በየስብሰባው የሚጠቀስበት ዘመን ነበር። ግን አደረጃጀቱ ሁለት ጉድለት ነበረበት። መንግሥትና ገዥው ፓርቲ ሕዝብ የሚቆጣጠሩበት መረብም ስለነበረ ብዙዎች በጥርጣሬ አዩት። ሁለተኛ፣ ለሠራተኛዋ ደመወዝ ያስፈልጋል ያለው መንግሥት እነዚህን ሴቶች በነጻ አሠራቸው። የወኪሎቹ ታሪክ የሴት ልብስ ለብሶ ተመለሰ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በብዙ ቦታ አደረጃጀቱ ከስሙ በቀር ሥራው ቀዘቀዘ።

የሪፖርት ነገርም አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 አካባቢ የጤና ቢሮዎች ሦስተኛውን ዙር የፔንታቫለንት ክትባት የወሰዱ ሕፃናት ከ80 በመቶ በላይ ናቸው ይሉ ነበር። በዚያው ዓመት ቤት ለቤት የተካሄደው ጥናት ያገኘው 37 በመቶ ነው። ኮታ የተቆረጠለት ወረዳ ኮታውን ሞልቶ ይጽፋል። ግብ በቁጥር ሲሰጥ ቁጥሩን መሙላት ልጁን ከመከተብ ሊቀልል ይችላል፤ ከግቦቹ ጋር አብሮ የመጣ ሕመም ነው፣ ዛሬም አልተፈወሰም።

የደረሰውና የቀረው

እንዲያም ሆኖ ሞት ቀንሷል፤ ይህን የመሰከረው የወረዳ ሪፖርት ሳይሆን ገለልተኛ ግምት ነው። በመስከረም 2006 ተመድ ባወጣው አኃዝ መሠረት በኢትዮጵያ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ሞት እ.ኤ.አ. በ1990 ከ1,000 ሕፃናት 204 የነበረው በ2012 ወደ 68 ወርዷል። አራተኛው ግብ ቀነ ገደቡ ሦስት ዓመት ሲቀረው ተመታ። ሜዳ ላይ የሚጸዳዳው ሕዝብ እ.ኤ.አ. በ1990 ከመቶ 92 ነበር፤ በ2015 ወደ 29 ወረደ። በዓለም ላይ በዚያን ያህል ነጥብ የቀነሰ አገር አልነበረም።

የእናቶቹ ግብ ግን አልተመታም። እ.ኤ.አ. በ1990 ከ100,000 ወሊድ 1,250 ተብሎ የተገመተው ሞት በ2015 ወደ 353 ወርዶ ከሦስት አራተኛው በጥቂት አነሰ። የጨቅላዎች ሞት ደግሞ ጨርሶ ዳተኛ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2005 ከ1,000 ውልደት 39 ጨቅላዎች በመጀመሪያው ወር ይሞቱ ነበር፤ ከስድስት ዓመት በኋላ 37 ነበሩ።

ልዩነቱ ከየት መጣ? ክትባት፣ አጎበር፣ የምች መድኃኒት፣ የወሊድ መከላከያ በአንዲት ሴት ትከሻ ቦርሳ ተይዘው ቤት ድረስ የሚሄዱ ናቸው። ደም የሚፈሳትን ወላድ ወይም ሳያለቅስ የተወለደን ሕፃን ማዳን ግን መንገድ፣ አምቡላንስ፣ ሌሊት የማይጠፋ መብራት፣ የደም ባንክ፣ ቀዶ ሕክምና የሚችል ባለሙያ ይጠይቃል። ጤና ኬላው ይህ ሁሉ አልነበረውም፤ ከበላዩ ያለው ጤና ጣቢያም በቂ አልነበረውም። ከ2004 ገደማ ጀምሮ ለየወረዳው አምቡላንስ ተገዛ፤ ጤና ጣቢያዎች ወላዶች ቀናቸው ሲቃረብ የሚያርፉበት የእናቶች ማቆያ ሠሩ፣ ገንፎ ማገንፋትና ቡና ማፍላትም ጀመሩ፤ ቤቷ ቢሆን የሚደረግላት ክብር ተቋሙ ውስጥ እንዳይቀርባት። በተቋም መውለድ እ.ኤ.አ. በ2011 ከመቶ 10 ከነበረበት በ2016 ወደ 26፣ በ2019 ወደ 48 አደገ። እናቶች መጡ፤ ሲመጡ የሚያገኙት አገልግሎት ግን በዚያው ፍጥነት አላደገም። እ.ኤ.አ. በ2019ኙ ጥናት የጨቅላዎቹ ሞት 33 ነበር።

ሐምሌ 2007፣ አዲስ አበባ

ስምንቱ ግቦች ሊያበቁ ሲቃረቡ ተከታዮቹ በሌላ መንገድ ተዘጋጁ። እ.ኤ.አ. በ2012 በሪዮ በተካሄደው ጉባኤ ኮሎምቢያና ጓቲማላ ያራመዱት ሐሳብ ተቀባይነት አገኘ፦ አዲሶቹ ግቦች ለድሃ አገሮች ብቻ ሳይሆን ለሁሉም ይሁኑ፣ ሰውንና አካባቢን አይነጣጥሉ። የኬንያው ማቻሪያ ካማውና የሃንጋሪው ቻባ ኮሮሲ በመሩት የሥራ ቡድን ውስጥ 70 አገሮች 30 ወንበር ተጋርተው ከአንድ ዓመት በላይ ተከራከሩ። 17 ግቦችና 169 ዝርዝር ዒላማዎች ወጡ። ከጠረጴዛው ዙሪያ ብዙ ሰው ሲኖር ዝርዝሩም እንደሚበዛ የታወቀ ነው።

ገንዘቡ የት አለ የሚለው ጥያቄ ወደ አዲስ አበባ መጣ። ከሐምሌ 6 እስከ 9 ቀን 2007 ሦስተኛው ዓለም አቀፍ የልማት ፋይናንስ ጉባኤ ተካሄደ። የሀብታም አገሮች ርዳታ ከብሔራዊ ገቢያቸው 0.7 በመቶ ይድረስ የሚለው እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ የሚጠቀስ ቃል እንደገና ተጻፈ። ትልቁ ሙግት ግን ስለ ርዳታ አልነበረም፤ ስለ ግብር ነበር። ታዳጊ አገሮች የዓለም አቀፍ ኩባንያዎች ግብር ሕግ በሀብታሞቹ ማኅበር ሳይሆን ሁሉም እኩል ድምፅ ባለው የተመድ አካል ይወሰን አሉ። ሀብታሞቹ እንቢ አሉ፤ የአዲስ አበባው የድርጊት አጀንዳ ያለዚያ ጸደቀ። ጥያቄው ግን አልሞተም። እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ የአፍሪካ አገሮች ባቀረቡት የውሳኔ ሐሳብ ጠቅላላ ጉባኤው የግብር ስምምነት ድርድር እንዲጀመር ወሰነ።

በዚያው ሐምሌ ኢትዮጵያ የሰቆጣ ቃል ኪዳንን ይፋ አደረገች፦ እ.ኤ.አ. እስከ 2030 የሕፃናትን መቀንጨር ማስቆም። እ.ኤ.አ. በ2016 ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 38 በመቶው ቀንጭረው ነበር። ይህን አንድ ሚኒስቴር ብቻውን አይሠራውም፤ ጤና፣ ግብርና፣ ውሃና ትምህርት በአንድ ወረዳ በአንድ ዕቅድ መግባት አለባቸው። መስከረም 14 ቀን 2008 ደግሞ 193 አገሮች 17ቱን ዘላቂ የልማት ግቦች አጸደቁ። ለሕፃናት ከ1,000 ቢበዛ 25፣ ለጨቅላዎች ቢበዛ 12 ሞት የሚል ገደብ ተቀመጠ።

ከዚያ ወዲህ ያለው መንገድ ቀና አልሆነም። በ2012 ኮሮና ሲገባ ሙቀት መለኪያ ይዘው ቤት ለቤት የዞሩት እነዚያው ሠራተኞች ናቸው። በዚያው ዓመት ሚኒስቴሩ እስከ እ.ኤ.አ. 2035 የሚዘልቅ የፕሮግራሙን ማሻሻያ ፍኖተ ካርታ አወጣ፤ ሰፊ አገልግሎት የሚሰጡ ኬላዎች እንዲኖሩ፣ የሠራተኞቹም ሙያ ከፍ እንዲል። በ2013 በሰሜን የተነሣው ጦርነት ግን በትግራይ፣ በአማራና በአፋር ብዙ ጤና ኬላና ጤና ጣቢያ አፈረሰ፣ ዘረፈ። ወባም በነዚህ ዓመታት እንደገና አገረሸች። በዓለም ደረጃም ሥዕሉ ከዚህ የተሻለ አይደለም። ተመድ እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ዘገባ፣ ሊለኩ ከቻሉት ዒላማዎች በትክክለኛው መንገድ ላይ ያሉት 17 በመቶ ብቻ ነበሩ።

እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ርዳታውን አቋረጠ። ከርዳታው ደመወዝ ይከፈላቸው የነበሩ የጤና ባለሙያዎች በኢትዮጵያ በየቦታው ከሥራ ተሰናበቱ። በዚያው ክረምት በስፔኗ ሴቪያ አራተኛው የፋይናንስ ጉባኤ ሲካሄድ አሜሪካ አልተገኘችም። ጤና ኬላዎቹ ግን አልተዘጉም። የአጎበሩ፣ የክትባቱና የመድኃኒቱ ወጪ አሁንም ከውጭ በሚመጣ ገንዘብ ላይ የተንጠለጠለ ስለሆነ ሥራው ተጎድቷል፤ የሠራተኛዋ ደመወዝ ግን ከ1997 ጀምሮ በወረዳው መዝገብ ላይ ነውና ሠራተኛዋ በቦታዋ አለች።

ከደምቢያ እስከ ሴቪያ ያለው ሰባ ዓመት የሚያሳየው ይህንን ነው። የዓለም ግብ ለወረዳ ባለሥልጣን ጉልበት ይሰጣል፣ ለጋሽን ያሳፍራል፣ መለኪያ ያበጃል። ግቡ የሚደረሰው ግን ሥራዬ ነው የሚል፣ በመንግሥት በጀት ደመወዝ የሚከፈለው፣ ሕዝቡን የሚያውቅ ሰው በመንደሩ ሲኖር ነው። ያ ሰው በቦርሳ ተሸክሞ የማይወስደው ነገር ሲያጋጥመው ደግሞ ከበላዩ መንገድ፣ መብራትና ሆስፒታል ይፈልጋል። የመጀመሪያውን ኢትዮጵያ አሳክታለች፤ ሕፃናቷ የዳኑት በዚያ ነው። ለሁለተኛው እስከ እ.ኤ.አ. 2030 የቀረው ጊዜ አጭር ነው፤ ወጪው ከመጀመሪያው ብዙ እጥፍ ነው፤ የሚከፍለውም ከአሁን በኋላ በዋነኛነት የራሷ ግብር ከፋይ ነው።